ለሦስት ወር የተባለ ዕቃ፦ ተመጣጣኝ የማስቀመጫ ክፍል ስለ መከራየት የተዘጋጀ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ለብዙ ዓመታት የኖሩበትን ባለ ሦስት መኝታ ቤት ሸጠው ከሴት ልጃቸው ጋር ለመኖር ወሰኑ። የቤቱ ገዥ ርክክቡ በስድስት ሳምንት ውስጥ እንዲፈጸም በሽያጭ ውሉ አስገብቷል። ልጃቸው ዘንድ ለእናቷ የሚሆን አንድ ክፍል እንጂ የአንድ ሙሉ ቤት ዕቃ የሚያስቀምጥ ቦታ አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ በበኩሉ ቤቱን እያሰፋና እያሳደሰ ስለነበር፣ እድሳቱ ሲያልቅ አብዛኛውን ዕቃ እንደሚረከብ ተናገረ። ሥራ ተቋራጩ የሰጠው ቀጠሮ ሦስት ወር ነበር። በዚህ መሠረት ቤተሰቡ የሚፈልገው ነገር ግልጽ መሰለ፤ ለሦስት ወር የሚከራይ ርካሽ ክፍል ማግኘት።

እኔ የተጠራሁት የቀረቡትን ዋጋዎች በአንድ ሰንጠረዥ አስቀምጬ እንዳነጻጽርና ውሎቹን እንዳነብ ነው። ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ ቤተሰቡ ቀናት የፈጀበት «የትኛው ድርጅት ይረክሳል?» የሚለው ክርክር በመጨረሻው ወጪ ላይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ሆኖ መገኘቱና ብዙም ያልታሰበበት ሌላ ውሳኔ ግን ወጪውን በእጅጉ መቀነሱ ነው። የሰዎቹም ሆነ የድርጅቶቹ ስም አልተጠቀሰም። ዋጋዎቹን ያቀረብኩት በገንዘብ ሳይሆን በንጽጽር ቁጥር ነው፤ መጀመሪያ የተጠየቀው ድርጅት 4.6 ካሬ ሜትር ለሆነ ክፍል ያስታወቀው ኪራይ 100 ተብሎ፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ አንጻር ተሰልቷል።

ችግሩ

ሴልፍ ስቶሬጅ በሚባለው አገልግሎት ተከራዩ ክፍሉን በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ዕቃውንም ራሱ ያስገባል፣ ራሱ ያወጣል። ድርጅቱ የሚያከራየው ቦታውን እንጂ የጥበቃ ኃላፊነትን አይደለም። ብዙዎቹ ውሎችም በዕቃው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የድርጅቱን ተጠያቂነት በጠባቡ ይወስናሉ ወይም ጨርሶ ያስቀራሉ። ቤተሰቡ ግን እንደ አደራ ቤት አድርጎ ነበር የሚያስበው፤ ይህ አለመግባባት በኋላ በመድኑ ጉዳይ ላይ ተመልሶ መጣ።

የመጀመሪያው ድርጅት ሠራተኛ በስልክ የጠየቀው የመኝታ ክፍሎቹን ብዛት ብቻ ነበር። ሦስት ሲባል 9.3 ካሬ ሜትር፣ ማለትም በአሥር ጫማ በአሥር ጫማ የሆነ ክፍል እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። ኪራዩም 170 ነበር። ትልቁ ክፍል በካሬ ሜትር ሲሰላ ከትንሹ ይረክሳል፤ ሠራተኛውም ይህንኑ እንደ ጥቅም አድርጎ አቀረበው። ወንድምየው የመጀመሪያው ክፍያ በግማሽ ይቀነሳል የሚለውን ማስታወቂያ አይቶ ወዲያው ለመፈረም ፈለገ። እኅቱ አንድ ግለሰብ በ60 የሚያከራየውን ጋራዥ አገኘች። እናትየው ደግሞ ምንም ዕቃ እንዳይጣል አጥብቀው ያዙ። ሦስቱም ስለ ዕቃው ቢነጋገሩም፣ ዕቃው ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ዕቃውን መለካት

በቅድሚያ የተደረገው የእያንዳንዱን ትልቅ ዕቃ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሜትር ለክቶ መመዝገብ ነው። ትናንሹ ዕቃ በአንድ ዓይነት ካርቶን እንደሚታሸግ ታስቦ በካርቶን ብዛት ተገመተ። ድምሩ 16 ሜትር ኪዩብ መጣ። ዕቃ ሲደረደር ክፍተት መፍጠሩ ስለማይቀር በላዩ ላይ ሩብ ያህል ተጨምሮ 20 ሆነ። እስከ 2.2 ሜትር ከፍታ ድረስ በደህና መደርደር ይቻላል ተብሎ ሲካፈል ደግሞ 9.1 ካሬ ሜትር ወለል አስፈለገ። የድርጅቱ ሠራተኛ በግምት የተናገረው መጠን ስሕተት አልነበረም ማለት ነው፤ ስሕተት የነበረው ሁሉም ዕቃ መቀመጥ አለበት የሚለው ሐሳብ ነው።

ቀጥሎ የእያንዳንዱ ዕቃ የማስቀመጫ ወጪ ተሰላ። የአንድ ዓመት ጠቅላላ ወጪ በትንሹ ክፍል ውስጥ ለሚገባው የተጣራ ይዘት ሲካፈል፣ አንድ ሜትር ኪዩብ ዕቃ በዓመት ወደ 150 ገደማ ያስወጣል። ሦስት ሰው የሚያስቀምጠው ሶፋ 2.1 ሜትር ርዝመት፣ 0.9 ሜትር ወርድና 0.85 ሜትር ቁመት ነበረው፤ ይህም 1.6 ሜትር ኪዩብ ሲሆን የዓመት ማስቀመጫው 240 ይደርሳል። በከረጢት የሚቋጠር ቀላል ዕቃ በሶፋው ላይ መጫን ስለሚቻል ሒሳቡ ትንሽ ያጋንናል። ያም ሆኖ ጨርቁ የሳሳው ሶፋ በሁለተኛ እጅ ገበያ ከዚህ ግማሹን እንኳ አያወጣም ነበር። ሶፋው ተሸጠ። በዚሁ መንገድ ሁለት አልጋዎች ከነፍራሻቸው፣ አሮጌው የምግብ ጠረጴዛና አንድ ፍሪጅ ከዝርዝሩ ወጡ።

እናትየውን ያሳመናቸው ግን ሒሳቡ አልነበረም። ልጃቸው በዝርዝሩ ላይ ከየዕቃው አጠገብ «ማን ይረከበዋል?» የሚል ዓምድ ጨምራ አብረው እየተቀመጡ እንዲሞሉት አደረገች። ባዶ የቀረው መስመር ሲበዛ እናትየው ራሳቸው «እንግዲህ ይኼን ለማን ብዬ ነው የማስቀምጠው?» ብለው መሰረዝ ጀመሩ። የመታሰቢያነት ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች፣ ለምሳሌ የሟች ባለቤታቸው መጻሕፍትና የእንጨት ሣጥን፣ በሒሳብ ሳይመዘኑ እንዲቀመጡ ተደረገ። ይህን ትክክል ነው እላለሁ፤ ሣጥኑን በሜትር ኪዩብ መመዘን ትርጉም የለውም። የተረፈው 8 ሜትር ኪዩብ ሆነ። ከክፍተቱ ጋር 10፣ በ2.2 ሲካፈል 4.5 ካሬ ሜትር። በአምስት ጫማ በአሥር ጫማ፣ ማለትም በ4.6 ካሬ ሜትር ክፍል ልክክ ብሎ ገባ፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ልክክ አለ፤ ይህ ያስከተለውን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አራቱ አማራጮች

የግለሰቡ ጋራዥ በወሬ ከሁሉም ይረክስ ነበር። ሄደው ሲያዩት ግን ከወለሉ ጉልበት ያህል ከፍታ ድረስ በግድግዳው ዙሪያ ቡናማ የውሃ መስመር አገኙ፤ በጥጉ ላይ ቀለሙ እየተፈረፈረ ነጭ ጨው አውጥቷል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ለሻጋታ ይመቻል፤ ወረቀት፣ ፍራሽና ያልተቀባ እንጨት ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዱት ናቸው። አከራዩም የጽሑፍ ውል ለመስጠት አልፈለገም። በዚያው ተተወ።

የቀሩት ሦስቱ ድርጅቶች ነበሩ። የመጀመሪያው በ100 የሚያከራየው ሲሆን ቅርብና ረጅም ሰዓት ክፍት ነው። ውሉን ስናነብ ግን ክፍያው በየወሩ ሳይሆን በየ28 ቀኑ የሚፈጸም መሆኑ ታወቀ። ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ግን አሥራ ሁለት ሳይሆን አሥራ ሦስት ክፍያ ያመጣል። በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ የድርጅቱን መድን በ12 መግዛት ግዴታ ነው፤ የምዝገባ 20፣ ከቢሮው ብቻ የሚገዛው ጓጉንቸር ደግሞ 15 ነው። የመጀመሪያው ክፍያ በግማሽ ተቀንሶም የዓመቱ ድምር 1,441 ይመጣል። ቅናሹ ከተጨማሪዎቹ ክፍያዎች መካከል የመድኑን ሢሶ ያህል ብቻ ነበር የሚሸፍነው።

ሁለተኛው በ110 የሚያከራየው ነው። የጭነት መኪና እስከ በሩ ይደርሳል፣ ክፍያው በቀን መቁጠሪያው ወር ነው፣ ተከራዩ የራሱን መድን እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። የእናትየው የቤት መድን በ40 ተጨማሪ የዓመት ክፍያ ሊሸፍነው ተስማማ። ከጓጉንቸር ጋር የዓመቱ ድምር 1,370 ነው። በማስታወቂያ ከመጀመሪያው የሚወደደው ይህ ድርጅት ዓመት ሲቆጠር ረከሰ።

ሦስተኛው በ80 የሚያከራየው ነው፤ ሩቅ ነው፣ ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ በሥራ ሰዓት ብቻ ይከፈታል። በሊፍት የሚደረስባቸው ክፍሎች መኪና በራቸው ድረስ ከሚደርስላቸው የምድር ክፍሎች ብዙ ጊዜ ይረክሳሉ፤ እዚህም የዋጋው ምክንያት ይኸው ነበር። መድኑ በወር 8፣ ጓጉንቸር 10፣ ለማስገባትና ለማውጣት የጭነት መኪናው ተጨማሪ ርቀት 120 ሆኖ የዓመቱ ድምር 1,186 መጣ። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ምልልስ 12 ያስወጣል።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር በቆይታው ርዝመት ላይ ተንጠለጠለ። ለሦስት ወር ከሆነ ሁለተኛው 350፣ ሦስተኛው 394 ስለሆነ ሁለተኛው ይመረጣል። ሁለቱ የሚገናኙት አምስት ወር ሊሞላ ሲል ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆዩ ሦስተኛው ይረክሳል። እኔ ያቀረብኩት አስተያየት የሥራ ተቋራጩን ቀጠሮ ትቶ ቢያንስ በእጥፉ ማሰብ ይሻላል የሚል ነበር፤ ምክንያቱም የእድሳቱ ፈቃድ ገና አልተጠናቀቀም፣ የመስኮቶቹም ትእዛዝ አልወጣም። ቤተሰቡ ሦስተኛውን መረጠ።

ውሉና መድኑ

ከመፈረም በፊት ድርጅቱ አራት ነገሮችን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ተጠየቀ፦ ኪራይ ለመጨመር የሚሰጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ክፍሉን ለመልቀቅ ተከራዩ የሚሰጠውን የማስታወቂያ ጊዜ፣ ከወሩ አጋማሽ ቢለቀቅ የቀሪው ቀን ኪራይ መመለስ አለመመለሱን፣ እንዲሁም ክፍያ ሲዘገይ የሚከተለውን። የመጨረሻው ከሁሉም የሚከብድ ነው። ክፍያ ከተቋረጠ ድርጅቱ መግቢያውን ይዘጋል፤ ዕዳው ሲቀጥልም በየአገሩ ሕግ የተደነገገውን ማስታወቂያ ሰጥቶ ዕቃውን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል።

መድኑ እሳትንና በሰበራ የሚፈጸም ስርቆትን ይሸፍናል፤ ሻጋታን፣ ብልንና አይጥን ግን አይሸፍንም። ገንዘብ፣ ጌጣጌጥና የሰነድ ዋጋም አይካተትም። ይህ በብዙ ፖሊሲዎች የተለመደ ቢሆንም እኅትየው ስትሰማ ደነገጠች። የአባቷን የወርቅ ሰዓት ያን ቀን ከካርቶኑ አወጣች፤ የሰነዶቹ ካርቶን ግን ሳይነሣ ቀረ።

አስተሻሸግና አደራደር

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ የቀረው ውሃ በቱቦው ተንጠፍጥፎ በሩ ገርበብ ብሎ እንዲቀመጥ ተደረገ። መጻሕፍት በትናንሽ ካርቶን ብቻ ገቡ፤ በትልቅ ካርቶን ከታሸጉ ከክብደታቸው የተነሣ ወይ አይነሡም ወይ የካርቶኑን ታች ቀደው ይወጣሉ። የእንጨት ዕቃ በላስቲክ ተጠቅልሎ እርጥበት እንዳያፍን በአሮጌ አንሶላ ተሸፈነ። ከወለሉ ላይ የእንጨት ፓሌት ተነጠፈ፤ ከግድግዳውም የእጅ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ተተወ። ነዳጅ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ቀለምና ምግብ በውሉ የተከለከሉ ስለሆኑ አልገቡም።

ቁም ሣጥኑ ተፈታ። ብሎኖቹ በትንሽ ከረጢት ሆነው በራሱ ሳንቃ ላይ በፕላስተር ተለጠፉ፣ ሳንቃዎቹም በእርሳስ ቁጥር ተጻፈባቸው። ካርቶኖቹ በሦስት ጎናቸው ላይ ተጽፎባቸው ፎቶግራፍ ተነሡ፤ ዝርዝሩና ፎቶዎቹ ለሁለቱም ልጆች ተላኩ።

የተሳካውና ያልተሳካው

ዕቃው አሥራ አንድ ወር ቆየ። እድሳቱ የዘገየው በተጠረጠረው ምክንያት ማለትም በፈቃዱና በመስኮቶቹ ነበር። አንድም ዕቃ አልሻገተም፤ የጠፋም አልነበረም።

በሰባተኛው ወር መጨረሻ ከቀጣዩ ወር ጀምሮ ኪራዩ በ20 በመቶ እንደሚጨምር የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰ። ለአዲስ ደንበኛ ዝቅ ያለ ዋጋ ሰጥቶ ዕቃው ከገባ በኋላ መጨመር በዚህ ንግድ የተለመደ አሠራር ነው፤ ዕቃ ጭኖ መውጣት ከጭማሪው በላይ እንደሚያስወጣ ሁለቱም ወገን ያውቃል። እኅትየው ድርጅቱ በዚያው ሳምንት ለአዲስ ተከራይ ለተመሳሳይ ክፍል ያስታወቀውን ዋጋ አትማ ይዛ ሄደች። ከ80 ወደ 96 ሊደርስ የነበረው 86 ላይ ቆመ። ድርድሩ ከአንድ አጭር ንግግር ያላለፈ ነበር፤ ሳትጠይቅ ብትቀር ኖሮ ግን ማንም አይቀንስላትም ነበር።

ያልተሳካው ዋናው ነገር መተላለፊያ አለመተው ነው። ክፍሉ እስከ በሩ ሞልቶ ስለነበር፣ ከቤቱ ሽያጭ ጋር የተያያዘ አንድ የግብር ወረቀት ባስፈለገ ጊዜ ግማሹ ዕቃ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ካርቶኑ ከጀርባ ጥግ ተገኘ። ይዘው የሄዱት ወረቀት ግን የሌላ ዓመት ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ዕቃው ሌላ ጊዜ እንደገና ወጣ። የምልልሱ አብዛኛው ክፍል በዚህ በአንድ የሰነድ ካርቶን ምክንያት የመጣ ሲሆን፣ ክፍሉ በሥራ ሰዓት ብቻ ስለሚከፈት ወንድምየው በየጊዜው ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። በመጨረሻ ካርቶኑ ወጥቶ እኅትየው አልጋ ሥር ገባ፤ ከመጀመሪያውም እዚያው መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው የክፍያው ጉዳይ ነው። ኪራዩ ከወንድምየው የባንክ ካርድ በራሱ ይቆረጥ ነበር። የካርዱ ጊዜ አልፎ በአዲስ ሲተካ ክፍያው ተመለሰ፤ የድርጅቱ ማስጠንቀቂያም ሲፈርም በሰጠው፣ እምብዛም በማይከፍተው የኢሜይል አድራሻ ገባ። ያወቁት የበሩ ኮድ አልሠራ ሲል ነው። ቅጣቱ 8 ብቻ ቢሆንም፣ ቸልታው ቢረዝም ወደ ሐራጅ የሚወስደው መንገድ ይኸው ነው። የሁለተኛ ሰው ስልክና ኢሜይል በውሉ ላይ እንዲመዘገብ የተደረገው ከዚህ በኋላ ነው።

ጠቅላላ ወጪው እንዲህ ሆነ፦ ኪራይ 904፣ መድን 88፣ ጓጉንቸር 10፣ የጭነት ተጨማሪ 120፣ ምልልስ 96፣ ቅጣት 8፣ በድምሩ 1,226። ሁለተኛው ድርጅት ጋ ኪራይ ሳይጨመር ለአሥራ አንድ ወር ቢቆዩ ወደ 1,257 ያወጡ ነበር። ርቀቱን ታግሠው ያተረፉት 31 ብቻ ነው፤ ወንድምየው ከሥራ የቀረበትን ሰዓት ስንጨምርበት ትርፉ ጨርሶ ይጠፋል። በአንጻሩ መጀመሪያ ሊፈረም የነበረው የ9.3 ካሬ ሜትር ክፍል፣ የመጀመሪያው ክፍያ በግማሽ ተቀንሶም፣ ለዚሁ ጊዜ 2,134 ይጠይቅ ነበር። በዚያው ድርጅት ትንሹ ክፍል 1,329 ነው። በድርጅቶች መካከል ያለው ልዩነት 100 ገደማ ላይ ሲቆም፣ በክፍል መጠን መካከል ያለው 800 አለፈ። ዕቃ ተሸጦ የተገኘው ገንዘብ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ለሌላ ጉዳይ የሚተርፉ ነጥቦች

ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ዕቃውን መለካት ከሁሉም የበለጠ ያዋጣል፤ በስልክ «ስንት መኝታ ቤት?» ተብሎ ለሚቀርብ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሜትር ኪዩብ ሊሆን ይገባል። ልኬቱ ዕቃው የሚመለስበትን ቤትም ማካተት አለበት፤ በዚህ ጉዳይ በጥንቃቄ ተፈትቶ አሥራ አንድ ወር የተከፈለበት ቁም ሣጥን የታደሰው ክፍል ጣሪያ ዝቅ ስላለ ሳይቆም ቀርቶ ተሸጧል።

ማነጻጸሪያው ከመግቢያ እስከ መውጫ ያለው ድምር እንጂ የወር ኪራይ አይደለም። ድምሩም በሁለት የተለያዩ ቆይታዎች፣ በታሰበውና በእጥፉ፣ ቢሠራ ምርጫው የሚገለበጥበት ወር ይታያል። ክፍያው በየስንት ቀኑ እንደሆነ ውሉን ገልጦ ማየት አንድ ደቂቃ ቢወስድ ነው።

የልኬቱ ሒሳብ መተላለፊያን እንደማያካትት መታወቅ አለበት። በመካከል የሚፈለግ ዕቃ ካለ ወይ በበሩ አጠገብ መደርደር፣ ወይ ጨርሶ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ አለማስገባት ይሻላል። ሰነድ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ይህ ጉዳይ የቤት ዕቃን ለአንድ ጊዜ አስገብቶ ለማውጣት የተደረገ ነው። ሸቀጡን በየሳምንቱ ለሚያወጣና ለሚያስገባ ነጋዴ ሒሳቡ በተቃራኒው ይሄዳል፤ ለእሱ ከወለል ስፋቱ ይልቅ የምልልሱ ዋጋ ስለሚከብድ፣ መኪና በሩ ድረስ የሚደርስለት ሁለተኛው ድርጅት በ110 ኪራዩም ቢሆን ይረክስለታል፤ በክፍሉ መካከልም ሰው የሚያሳልፍ ቦታ መተው ግዴታው ይሆናል።